የተጠቀለለው እጅጌ

የሚዛን ተቆጣጣሪው ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ የገባው ሊያፈቅር አልነበረም። ሥራ ላይ ነበር።

በቀኝ እጁ ከባድ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥሏል። ቦርሳው ውስጥ በመጠን የተደረደሩ የናስ መመዘኛዎች አሉ፤ ትልቁ ጡጫ ያህላል፣ ትንሹ የሸሚዝ ቁልፍ። የመንገዱ ባለሱቆች ከሩቅ ሲያዩት «ግራም መጣ!» ይባባላሉ። ያኔ ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን መወልወል ይጀምራል፤ እህል ነጋዴው የረሳው ቀጠሮ ትዝ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ለአንድ ግራም እንኳ ስለማይምር ነው።

ልብስ ሰፊዋ ግን የሚያስፈራት ሚዛን የላትም።

«ምን ልታዘዝዎ?» አለች፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳትነቅል።

«ሜትርዎን ላየው ነበር።»

«የቱን ሜትር?»

«አንገትዎ ላይ ያለውን።»

አውልቃ ሰጠችው። እሱም መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከብረት ማስመሪያው ጎን አስተኛው። ጎንበስ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይዋሻል» አለ።

«ማን?»

«ሜትርዎ። ጨርቅ ስለሆነ በጊዜ ብዛት ተስቧል። ከመቶው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ይዋሻል።»

መኪናዋን አቆመች። ከንዴቷ የተነሳ «እርስዎ» የሚባለው ነገር ከአፏ ጠፋ፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ተመልሶ አልመጣም።

«ስማ! የሰው ትከሻ የምለካው በዚህ ሜትር ነው። ጨርቁንም የምቆርጠው በዚሁ ሜትር ነው። ቢዋሽ ሁለቱንም እኩል ነው የሚዋሸው። ታዲያ ማን ተጎዳ?»

ተቆጣጣሪው ቀና አለ። ማስመሪያውን አየ፣ እሷን አየ። ኋላ እንደነገራት፣ ባለሱቅ ለምኖት ያውቃል፣ ሰድቦት ያውቃል፣ አልቅሶበትም ያውቃል። ተከራክሮ የረታው ግን አልነበረም።

«ማንም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ሜትሬን መልስ!»

ከኋላ ተቀምጠው ቁልፍ የሚተክሉት አክስቷ ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«ግራም ዛሬ ኪሎውን አገኘ!» አሉ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ሜትርና የታጠፈ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አስቀመጠ።

«ይሄኛው አይሳብም። ይሄ ደግሞ የኮት ጨርቅ ነው። ትሰፊልኛለሽ?»

«ቁም። እጅህን ዘርጋ።»

ትከሻውን ለካች፣ ደረቱን ለካች፣ ከትከሻው እስከ እጁ አንጓ ለካች።

«ተንፍስ እንጂ! እንዲህ ሆነህ ብለካህ ስትተነፍስ ቁልፉ ይበጠሳል።»

ተነፈሰ። ጆሮው ቀላ።

«አትጽፊውም?» አላት።

«ጽፌ አላውቅም።»

«ሁሉንም በቃልሽ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝም ወረቀትም አያስፈልገኝም።»

ጉራ አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ትከሻ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ በመስቀያ ተሰቅሎ ይኖራል። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ወገብ ከወለደች ወዲህ ሁለት ጣት ሰፍቷል። ደንበኞቿ ጨርቅ ይልኩና ልብስ ይወስዳሉ፤ መለካት ሳያስፈልግ። ኩራቷም እንጀራዋም ይኸው ነበር።

ኮቱ ሲያልቅ ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ። ጀርባውን ሰጥቷት ስለነበር ፊቱን አላየችም። ዘወር ሲል እጅጌዎቹን ጠቅልሏቸው ነበር።

«እንዴት ነው?»

«...ደስ ይላል። በጣም ደስ ይላል።»

«ለምን ጠቀለልከው?»

«መመዘኛ ሳነሳ ሳስቀምጥ ጫፉ ይቆሽሽብኛል።»

ከዚያ ወዲያ ኮቱ ከላዩ ጠፍቶ አያውቅም። በፀሐይ ለበሰው፣ በዝናብ ለበሰው፤ ሁልጊዜም እጅጌው ተጠቅልሎ፣ ግራጫው ገበር ወደ ውጭ ወጥቶ።

«እትዬ፣ እንዴት እንዳማረበት አዩልኝ?» ትላለች አክስቷን።

አክስቷ ወደ ቁልፎቻቸው ያጎነብሳሉ። መርፌያቸው ውስጥ ክር ማስገባት በድንገት ይከብዳቸዋል።

ከሥራ ሲወጣ በሱቁ በኩል ማለፍ ልማዱ ሆነ። መንገዱ ግን በዚያ አልነበረም። ሻይ ይጠጣሉ፤ ቀን ያሸገውን ሚዛን ታሪክ ይነግራታል፤ ትስቃለች። አንድ ቀን አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሳታስረዝም ነገረችው።

«ነገሩ ከመጥበቁ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አለ። መድኃኒት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

ቦርሳውን ከጭኑ ላይ አንስቶ መሬት አስቀመጠ።

«ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ?»

«አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። የመጨረሻው ምርመራ ላይ ቫይረሱ መሣሪያው እስከማያየው ድረስ ወርዷል አሉኝ።»

«መሣሪያው የማያየው ስንት ነው?»

ሳቀች። እንባዋም አብሮ መጣ። «እኔ ምን አውቄ! ሂድና ጠይቃቸው።»

ሄዶ ጠየቀ። ነርሷ ከነቁጥሩ አስረዳችው፤ መጠኑ እንዲህ ወርዶ ከቆየ በፍቅር ግንኙነት እንደማይተላለፍም ነገረችው። እሱም ተመረመረ፤ ነጻ ነበር። ተመልሶ መጣና «ዝናቡ ሲያበቃ እንጋባ» አላት። ከባዱን ዳገት የወጡ መሰላቸው።

ዳገቱ ግን በሌላ በኩል ነበር።

* * *

በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያው መድኃኒት ለሚወስዱ ሁሉ አዲስ ምርመራ ጀመረ። አንዳንድ ሰው ቫይረሱ በመድኃኒት ተይዞለትም ማስታወሱ፣ ማሰቡ ወይም የእጁ ፍጥነት በጥቂቱ ሊነካ ይችላል፤ በጊዜ ከታወቀ የሚረዳው ነገር አለ። ነርሷ፣ ሰው ሁሉ ሲስተር የሚላት፣ ይህንን ለያንዳንዱ በእርጋታ ታስረዳለች። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ግን ወሬው ሌላ ነበር። «የወደቀ መድኃኒቱን በራሱ እጅ አይሰጡትም አሉ!» «ለመሥሪያ ቤቱም ይነገራል አሉ!» ማን እንዳለ አይታወቅም፤ አሉ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ተራዋን ስትጠብቅ ከጎኗ የተቀመጡ ጡረተኛ ሾፌር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«እህቴ፣ አዲስ ነሽ ለፈተናው?»

«ፈተና አለው እንዴ?»

«አራት ቃል ትነግርሻለች። ትንሽ ቆይታ መልሺ ትልሻለች። ውሻ፣ ኮፍያ፣ ባቄላ፣ ቀይ። ያዢው!»

«ኧረ አባባ፣ ይሄማ መኮረጅ ነው።»

«መረዳዳት ነው እንጂ! እኔንም ያስተማረኝ አለ። ውሻ፣ ኮፍያ፣ ባቄላ፣ ቀይ። እንደ ዘፈን በዪው።»

አልፈለገችም፤ ግን ጆሮ የሰማውን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ከነዘፈኑ ገባች።

ሲስተር አራቱን ቃላት አንድ በአንድ ተናገረች። ቀጥላ በግራ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣቷን በተቻላት ፍጥነት እንድትከፍትና እንድትገጥም አዘዘቻት። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ሲመራ የኖረ እጅ ነው፤ እንደ መርፌ ሮጠ። ከዚያ ጡጫ፣ መዳፍ፣ የእጅ ጎን፤ ጠረጴዛው ላይ በቅደም ተከተል። እዚህ ጋ አንድ ጊዜ መዳፉን ዘለለችው። አረመችው። በመጨረሻ ቃላቱን ተጠየቀች፤ ሳትተነፍስ አወረደቻቸው።

«ደህና ነሽ» አለች ሲስተር።

ማታ ለግራም እየሳቀች ነገረችው። «ጭንቅላቴ እንዳንተ ማስመሪያ ብረት ነው ተባልኩ!»

«እሰይ» አለ። ፊቱ በራ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ እጅጌው ወረደና ፊቱ ጨለመ። ያኔ አላስተዋለችውም።

በዚያ ወር የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሱሪውን ይዞ ተመለሰ፤ የአንዱ እግር ርዝመት ከሌላው ያንሳል። ካውያው ሳይነቀል ተረስቶ የጠረጴዛውን ጨርቅ አቃጠለ። ለግራም የነገረችውን ቀልድ በዚያው ምሽት መልሳ ነገረችው፤ እሱም ሁለቴ ሳቀ።

«ያንተ ሜትር ነው!» አለችው ስለ ሱሪው። «የድሮው ቢዋሽም አብረን ነበር የምንዋሸው። አዲሱ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተዛብቷል።»

«ይሆናል» አለ።

በልኬት ጉዳይ «ይሆናል» ሲል የመጀመሪያው ነበር። የድሮው ሜትር ውሸት ከሱሪ ርዝመት ላይ የጣት ጥፍር አያህልም፤ ሱሪው ያጠረው ግን በአራት ጣት ነው። ሁለቱም ያንን ሒሳብ ያውቁታል። ሁለቱም አልሠሩትም።

የአግዳሚው ትብብር የተጋለጠው በራሳቸው በሾፌሩ ነው። ሲስተር ገና «እንግዲህ አራት ቃላት...» ስትል፣ «ውሻ፣ ኮፍያ፣ ባቄላ፣ ቀይ!» ብለው ጨረሱላት። ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወጥታ አግዳሚው ላይ የተደረደረውን ሰው አየች። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ወገኖቼ፣ ይሄ ፈተና አይደለም» አለች። «ማለፍና መውደቅ የለበትም፤ ለማንም አይነገርም። ከእኔ የደበቃችሁትን እኔ ላክመው አልችልም።»

ቃላቱ ተቀየሩ። ሁሉም እንደገና ተጠራ።

ልብስ ሰፊዋ በሙሉ ልብ ገባች። ድመት፣ ጫማ፣ ሽንኩርት፣ አረንጓዴ። ጣቶቿ ሮጡ። ጡጫ፣ መዳፍ፣ ጎን፤ ጡጫ፣ ጎን... እንደገና። ሦስተኛው ዙር ላይ እጇ ጠረጴዛው ላይ ቆመና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ጠፋው።

«ቃላቱስ?»

«ድመት... ኮፍያ...»

«ኮፍያ የድሮው ነው።»

«አንድ የሚለበስ ነገር ነበር አይደል?» በልብስ ቤት ያደገች ሴት፣ የሚለበስ ነገር ጠፋት! የተቀሩት ሁለቱም አልመጡም። 

«እንዳትደነግጪ» አለች ሲስተር። «ይህ ምልክት ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። እንቅልፍ ማጣትም፣ የደም ማነስም፣ ሐሳብም እንዲህ ያደርጋል። ሐኪሙ ያይሻል። ከዚያ በፊት ግን በየቀኑ የሚያይሽን ሰው አምጪልኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

እሷም ሁለቱን አመጣች፤ አክስቷንና ግራምን። ልቧ ሙሉ ነበር። እነሱ ይመሰክሩላታል። ጭንቅላቷ ከከዳት ሱቁ የለም፤ ሱቁ ከሌለ ደግሞ ወደዚህ ሰው ቤት የምትገባው ሸክም ሆና ነው። ያንን አታደርገውም። ለራሷ ምላለች።

* * *

«ነገር ትረሳለች?» ሲስተር አክስቲቱን ጠየቀች።

«ማን የማይረሳ አለ፣ የኔ ልጅ? እኔ መነጽሬን አናቴ ላይ ሰክቼ ቤቱን አተራምሳለሁ።»

«በሥራዋስ ላይ?»

«እንከን የላትም!» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ጠያቂዋን ግን አላዩአትም።

«እርስዎስ?»

ግራም ከወንበሩ ተነሣ። ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ የግራ እጅጌውን ፈታው፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ቀኙንም ፈታው። እጆቹን ወደ ታች ለቀቃቸው። እጅጌዎቹ ወርደው ጣቶቹን ዋጧቸው፤ ከጫፋቸው በቀር የሚታይ እጅ አልቀረም።

«ይህን ኮት የሰፋችው እሷ ናት» አለ። «የዛሬ ስምንት ወር። ያኔም እንዲህ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ እጅጌውን አየችው። የሷ ስፌት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ። ርዝመቱ ግን የሌላ ሰው ክንድ ነው።

«ስምንት ወር?» አለች።

«እንዳይከፋሽ ብዬ...»

«ሥጋ ሻጩን ለአንድ ግራም ሱቁን ታሽግበታለህ። እኔን... ስምንት ወር ሙሉ ዝም?»

«አንቺ ሥጋ ሻጩ አይደለሽም።»

«ከሥጋ ሻጩ አንሼ ነው እንጂ! እሱ ስህተቱን ይነገረዋል፤ ያርመዋል።» ድምጿ አልጨመረም፤ ይልቅ ቀነሰ። «ልንጋባ ነበር። እንዲህ ነበር የምንኖረው? እኔ እየተሳሳትኩ፣ አንተ እየጠቀለልክ?»



አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አውልቃ የሲስተር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ሠርጉ ቀርቷል። የታዘነላት ሴት መሆን አልፈልግም» ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ አክስቷን ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

«እትዬ፣ እርስዎስ? ስንት ልብስ አርመዋል?»

አክስቷ ቁልፍ የሚያስቀምጡበትን ቆርቆሮ አገላበጡ። «ልጄ... አንቺ ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ ወገቡን እፈታለሁ፤ ጠርዙን አሳጥራለሁ። ያደግሽው በእጄ ነው። ገበናሽን ለማን ላውጣ?»

«ለእኔ! ለእኔ ነበር የሚያወጡት።»

አክስቷ አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም። ተነሥታ የተንጠለጠሉትን ልብሶች አንድ በአንድ ገልብጣ ስፌታቸውን ተመለከተች። የአክስቷ መርፌ ከየትም ይለያል፤ ጥብቅና ጥቃቅን ነው። በየወገቡ ነበር። በየጠርዙ ነበር። ሁሉም ሰው ወዷት ነበር፤ ሁሉም ሰው በፍቅር ዓይኗን ሸፍኗት ነበር። አግዳሚው ላይ ያሉት አባባ ሳይቀሩ።

* * *

ሐኪሙ መረመራት፤ ደሟም ታየ። ውጤቱን የነገረቻት ሲስተር ናት፣ በሩን ዘግታ።

«ቫይረሱ እንደተያዘ ነው። የደም ማነስ አለብሽ፤ እሱ ይታከማል። እንቅልፍሽም ተበላሽቷል፤ እሱንም እናስተካክላለን። ሁለቱ ሲስተካከሉ የተወሰነው ይመለስልሻል። የማስታወስሽ ነገር ግን ከነሱ ውጭም በጥቂቱ ተነክቷል። መጠነኛ ነው። ብዙ ሰው በዚሁ መጠን ዓመታት ይኖራል፤ ይሠራል። እየተከታተልን እናያለን።»

«ይብሳል?»

«ይብሳል አልልሽም፤ አይብስም ብዬም አልምልልሽም። የማላውቀውን አልነግርሽም።»

ቀና ብላ አየቻት። ከሰማቻቸው ቃላት ሁሉ የቀለላት ይህ ነበር።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለች ሲስተር። «እኔ እጅ ላይ የነበረው ቁጥር ብቻ ነበር። ሥራሽን እንደነካ፣ መቼ እንደጀመረም የነገረኝ ያ ኮት ነው። ያ ሰውዬ እጅጌውን ሲፈታ ምን እንደሚያጣ ያውቅ ነበር፤ ዓይኑን አይቼዋለሁ። ቢሆንም ፈታው።»

ከመሳቢያዋ ሜትሩን አውጥታ ዘረጋችላት። ልብስ ሰፊዋ ተቀበለችው።

ሱቁን አልዘጋችም። ለደንበኞቿ «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ሰው ይለካል» አለች፤ አጉረመረሙ፣ ግን ቆመው ተለኩ። እያንዳንዱ ጨርቅ ላይ ልኬቱ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ከመቁረጧ በፊት ጮክ ብላ ታነበዋለች። የካውያው መሰኪያ ላይ ደግሞ ቀይ ክር አሰረች፤ የክሩ ሌላው ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር ተያይዟል፣ ሳይነቀል በሩ እንዳይከፈት።

አክስቷንም አዘዘቻቸው። «ስሳሳት ዝም ካሉኝ ተጣላን!»

ትእዛዙን ከልክ በላይ ወሰዱት።

«ልጄ! ክሩ ቡናማ ነው፣ ጨርቁ ጥቁር!»

«እትዬ፣ እሱን ሆን ብዬ ነው።»

«ልጄ! ሻይሽ ቀዝቅዟል!»

«እሱም ስህተት ነው?»

«ንገሩኝ ያልሽ አንቺ ነሽ!»

ደሟ እየሞላ፣ እንቅልፏ እየተመለሰ ሲሄድ ቀኑ ቀለላት። ግራም ግን አልመጣም። ከሰፈሩ ማዶ ሚዛን ሲያሽግ ታየ አሉ። ኮቱን ለብሷል? ለብሷል። እጅጌው? ወርዷል፤ እጁ አይታይም፤ መመዘኛ ሲያነሳ እያደናቀፈው፣ ባለሱቆች እየሳቁበት። ያም ሆኖ አይጠቀልለውም አሉ።

ያንን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ አንድ ከሰዓት ሱቁ ገባ። ከፊቱ ዳቦ ጋጋሪዋ ስትለካ ስለነበር ተራውን ቆሞ ጠበቀ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለቱን አየት አየት አደረገችና «እኔ ነገ እመለሳለሁ» ብላ ውልቅ አለች።

«ምን ልታዘዝ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቅሬታ አለኝ።»

«በምን?»

«በዚህ ኮት። እጅጌው ረዝሟል።» ክንዱን ዘረጋ። «ሲሰፋም ረጅም ነበር። በዚያው ቀን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። «እኔ የትም ሱቅ ስገባ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ስገባ ደስ ያለሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ። እውነት ስናገር ሁልጊዜ አንድ በር ይዘጋብኛል። ይሄኛው እንዳይዘጋ ፈራሁ።»

እጅጌውን በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ሐኪሙ መጠነኛ ነው ብሏል። ሊቆም ይችላል፤ ሊጨምርም ይችላል። ማንም አያውቅም» አለች።

«ሲስተር ነግራኛለች ብል ውሸት ነው፤ አልነገረችኝም። አሁን ነው የሰማሁት።»

«ሰምተህስ?»

«ሰምቼ እዚሁ ቆሜያለሁ።»

«አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ» አለች። እጅጌውን አልለቀቀችም። «ስሳሳት ንገረኝ። ትንሽም ብትሆን። የማልሰማበት ቀን ቢመጣ እንኳ ንገረኝ... አትጠቅልልብኝ።»

«እነግርሻለሁ። ልክ የሆንሽ ቀንም እነግርሻለሁ፤ ያም ሚዛን ነው።»

«ቁም እንግዲህ። እጅህን ዘርጋ።»

ለካችው። ከትከሻው እስከ አንጓው። ከዚያ ከጆሮዋ ላይ እርሳስ አንስታ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችና እጅጌው ላይ ሰካችው።

«ጻፍሽው!» አለ።

«ከወረቀት ጋር ታርቄያለሁ። የቀረኝ ሞኙ ብቻ ነበር።»

«እሱም መጣ» አለ ግራም።

አክስቷ ከኋላ ሆነው መርፌያቸው ውስጥ ክር ማስገባት ከበዳቸው፤ በዚህኛው ቀን ግን ከእንባ የተነሳ ነው።

* * *

የተፈራረሙት ዝናቡ ባበቃ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የጋብቻ ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ ረጅም አግዳሚ አለ። ሙሽራዋ የለበሰችውን ራሷ ሰፍታዋለች፤ የሙሽራውንም አዲስ ሙሉ ልብስ እሷው። አክስቷ አሉ። ሲስተርም ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጥታለች። ጡረተኛው ሾፌር መኪና አገኝላችኋለሁ ብለው አግኝተው፣ አሁን የሙሽራውን ጆሮ ይዘው ይንሾካሾካሉ።

«ትወዳታለህ ወይ ብለው ይጠይቁሃል። ‹አዎ› በል። ያዘው!»

«አባባ!» አለች ሲስተር።

ሙሽራዋ ከሙሽራው ፊት ቆመች። ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አየችው።

«እውነቱን» አለችው። «እንዴት ነው?»

ግራም ክንዶቹን ዘረጋ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። 

«ትከሻው ልክ ነው። ደረቱ ልክ ነው። ቀኝ እጅጌው ልክ ነው።» ግራ እጁን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «ግራው... በግማሽ ጣት አጥሯል።»

አክስቷ አፋቸውን ያዙ። «አንተ! ዛሬን እንኳ ዝም ብትል ምን አለበት?»

ሙሽራዋ ግን ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። ከልቧ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች።

በሩ ተከፈተና ጸሐፊዋ ብቅ አለች። «ተጋቢዎቹ! ተራችሁ ነው፤ ግቡ።»

«አንድ ጊዜ ይጠብቁን» አለች ሙሽራዋ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እሱንም ከጎኗ አስቀመጠችው። ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። የግራ እጁን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ የእጅጌውን ጠርዝ መፍታት ጀመረች።